የተች ስክሪን ካሊብሬሽን ምንድን ነው?

ሊኑክስ በጫናችሁበት ማሽን ላይ «አስቀምጥ» የሚለውን ስትነኩ ከጎኑ ያለው «ሰርዝ» ከተጫነ፣ ስክሪኑ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ካሊብሬት ስላልተደረገ ሊሆን ይችላል።

ካሊብሬሽን ማለት የንክኪ ሰሌዳው የሚልከውን ጥሬ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ካለው ትክክለኛ ፒክስል ጋር ማስማማት ነው። ምስሉን የሚያሳየው ክፍልና ጣታችንን የሚያነበው ክፍል ለየብቻ ተሠርተው የሚገጣጠሙ ናቸው። ሲገጣጠሙ ትንሽ መዛነፋቸው አይቀርም።

ራስበሪ ፓይ ለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር የሚሸጡትን ርካሽ ባለ 3.5 ኢንች ስክሪኖች እንይ። ብዙዎቹ ሬዚስቲቭ ናቸው። ሁለት ስስ ንጣፎች በጣት ግፊት ሲገናኙ የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ይለካሉ፤ ኤክስፒቲ 2046 የምትባል ቺፕ ደግሞ ልኬቱን ከ0 እስከ 4095 ባለ ቁጥር ትገልጸዋለች። ግን የግራውን ጠርዝ ስትነኩ ንጹህ 0 አይመጣም። 200 መጣ እንበል፤ በቀኝ ጠርዝ ደግሞ 3900። በ480 ፒክስል ስፋት ላይ ይህ በሁለቱም ዳር ወደ 23 ፒክስል ስህተት ነው፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ። መሃል ላይ ግን ስህተቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

መፍትሔው ስድስት ቁጥሮች ናቸው፦

አዲስ አግድም = ሀ × ጥሬ አግድም + ለ × ጥሬ ቁም + ሐ
አዲስ ቁም = መ × ጥሬ አግድም + ሠ × ጥሬ ቁም + ረ

በምሳሌያችን ሀ ወደ 0.13 ነው፣ ሐ ደግሞ ወደ −26። ሰሌዳው ዘመም ብሎ ካልተለጠፈ ለ ዜሮ ይሆናል። ስድስቱን ለማግኘት ሦስት ነጥቦችን መንካት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት እኩልታ ይሰጣልና። ቲኤስሊብ የተባለው የሊኑክስ የንክኪ ላይብረሪ ግን አምስት ነጥብ ያስነካል፦ አራቱን ማዕዘኖችና መሃሉን። የጣት መሳሳት በትርፍ ነጥቦች ይካካሳል።

እስከዚህ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ኦፕን ሶርስ የካሊብሬሽን መሣሪያ ለሚሠራ ሰው ራስ ምታቱ የሚጀምረው ስድስቱ ቁጥሮች ከተገኙ በኋላ ነው። የት ይቀመጡ? ሊኑክስ ላይ መልሱ አንድ አይደለም።

ዴስክቶፕ በሌላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ላይ የሚሠራው ቲኤስሊብ ፖይንተርካል በተባለ ፋይል ይጽፋቸዋል። ቁጥሮቹን በ65536 አባዝቶ በሙሉ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ለአስርዮሽ ቁጥር ሒሳብ አቅም ለሌላቸው ፕሮሰሰሮች የሚመች ዘዴ ነው። ኤክስኢንፑት ካሊብሬተር ደግሞ ኤክስ ለሚባለው የቆየ የሊኑክስ የመስኮት ሥርዓት የተሠራ ነው። አራት ነጥብ ያስነካና ኮንፊግ ፋይል ውስጥ የሚለጠፍ ጽሑፍ ያወጣል። ያ ጽሑፍ ግን በዋናነት የታሰበው ኢቭዴቭ ለሚባለው የቀድሞ ድራይቨር ነው። ዛሬ ብዙ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) የሚጠቀሙት ንክኪና ማውስ የሚያነበውን ሊብኢንፑትን ነው፤ እሱ ደግሞ ትንሹንና ትልቁን ጥሬ ቁጥር ሳይሆን ማትሪክስ፣ ማለትም እንደ ላይኞቹ ያሉ ስድስት ቁጥሮች፣ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የድሮ መመሪያ ተከትሎ ኮንፊጉን የለጠፈ ሰው ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ ምንም ለውጥ ላያይ ይችላል። የስህተት መልእክት እንኳ ላይመጣለት ይችላል፣ ይሄ ያናድዳል።

ኤክስን በሚተካው ዌይላንድ ላይ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ተራ ፕሮግራም የሌላውን ንክኪ ማየት ወይም መቀየር አይፈቀድለትም። ለደህንነት ጥሩ ነው፣ ለካሊብሬሽን መሣሪያ ግን በር መዘጋት ነው። ዌስተን የተባለው ኮምፖዚተር (መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ፕሮግራም) ለዚሁ ሥራ የራሱ ፕሮቶኮልና የራሱ ካሊብሬተር አለው፤ እሱም በኮንፊጉ ካልተፈቀደ አይከፈትም። ውጤቱን በዘላቂነት ለማስቀመጥ የተለመደው መንገድ የዩዴቭ፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ የተሰኩ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው ክፍል፣ ደንብ ነው። ሊብኢንፑት ስድስቱን ቁጥሮች ከዚያ ያነባል፤ ግን በፒክስል ሳይሆን የስክሪኑን ስፋትና ቁመት ከ0 እስከ 1 በሚቆጥር ልኬት። ምንም የማይለውጠው ማትሪክስ «1 0 0 0 1 0» ነው።

መሣሪያውን ለሚጽፉ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። ነጥቦቹን ከማስነካታችሁ በፊት የቀድሞውን ማትሪክስ ወደዚህ ምንም ወደማይለውጠው መልሱት። አለበለዚያ የተስተካከለውን ቁጥር እንደገና እያስተካከላችሁ ነው፤ ተጠቃሚው በደገመ ቁጥር ውጤቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል።

ስልክና አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ያለው ካፓሲቲቭ ስክሪን (በግፊት ሳይሆን በጣት ኤሌክትሪካዊ ተጽዕኖ የሚሠራው) ይህን ሁሉ ብዙም አይፈልግም። እዚያ ንክኪው ከሳተ መጀመሪያ የስክሪኑን መዞር፣ ሁለት ሞኒተር ከተሰካ ደግሞ ንክኪው ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ እዩ። ለ90 ዲግሪ መዞር የተለመደው ማትሪክስ «0 -1 1 1 0 0» ነው፤ ነጥብ መንካት አያስፈልገውም።

በሬዚስቲቭም ቢሆን ከሁሉ በፊት ኢቭቴስት በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ጥሬ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ጣታችሁ አንድ ቦታ ረግቶ ቁጥሩ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቲኤስሊብ ማጣሪያዎች ያረጋጉታል። በብዙ መቶ የሚዘል ከሆነ ግን ካሊብሬሽኑን ተዉትና ኬብሉንና ፓወሩን ፈትሹ።