ስለ ድሮው የእንግሊዝ ቲያትር በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

"የሼክስፒር ዘመን ቲያትር የመኳንንት መዝናኛ ነበር" ሲባል በጣም ነው የምሰማው። ግን ግሎብ ቲያትር በ1599 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለንደን ላይ ሲከፈት መግቢያው አንድ ፔኒ ነበር፣ አንድ ፔኒ የከፈለ ሰው ጣሪያ በሌለው ግቢ መድረኩ ስር ቆሞ ያያል፣ ዝናብ ቢመጣም እዛው ነው፣ መቀመጥ የፈለገ ይጨምራል። እና ደራሲዎቹ ሲጽፉ ለዛ ለቆመውም ሰው ነበር የሚጽፉት።

"ያ ዘመን ማለት ሼክስፒር ብቻ ነው" የሚሉም አሉ። ክሪስቶፈር ማርሎ የሚባለው ደራሲስ? ከሼክስፒር ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1564 ነው የተወለደው፣ ነፍሱን ለሰይጣን ስለሸጠ ሰው የሚያወራውን ዶክተር ፋውስተስ የሚባል ቲያትር የጻፈው እሱ ነው፣ በ29 ዓመቱ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ቤን ጆንሰንም አለ።

"ሼክስፒር በሌላ ቋንቋ ለዛው ይጠፋል" የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አምጥቶልን የለም እንዴ! የታንዛኒያው ኔሬሬም አገር እየመሩ ነው በ1963 ጁሊየስ ቄሳርን ወደ ስዋሂሊ የተረጎሙት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን "የጥንት ነገሥታት ታሪክ ለዛሬ ምን ያደርጋል" የሚለው ነው። ሰር ቶማስ ሞር የሚባል ቲያትር አለ፣ ብዙ ደራሲዎች የተረባረቡበት፣ የእጅ ጽሑፉ አሁንም ብሪቲሽ ላይብረሪ አለ፣ እና እዛ ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት ብዙ ምሁራን ሼክስፒር በራሱ እጅ የጻፈው ነው ይላሉ። ነገሩ በ1517 የለንደን ሰው መጤዎች ይውጡልን ብሎ የተነሳበት ረብሻ ነው። በቲያትሩ የለንደን ሹም የሆነው ሞር ከረብሸኞቹ ፊት ይቆምና፣ እነዚህ ምስኪኖች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ያቺን ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ ወደብ ሲጎተቱ እስቲ አስቡት ይላቸዋል፣ ከዛ ደግሞ ንጉሡ እናንተን ከአገር ቢያባርራችሁ ወዴት ልትሄዱ ነው፣ የሄዳችሁበት አገር ሰው መጠለያ ከልክሎ እንደ ውሻ ቢያባርራችሁ ምን ይሰማችኋል ብሎ ይጠይቃቸዋል። የመንግሥት ሳንሱር ሹም የነበረው ኤድመንድ ቲልኒ የረብሻውን ክፍል ጠቅላላ አውጡት ብሎ እዛው ጽሑፉ ላይ ጽፎበታል።

እኔ ይሄን ቦታ ሳነብ የአክስቴ ልጅ ናት የምትመጣብኝ፣ ከዓረብ አገር ተባርራ ቦሌ የገባች ቀን፣ ልጇን አዝላ፣ የሰባት ዓመት ልፋቷን በአንዲት ፌስታል ይዛ።