ቀዳማዊ ስፓርቶኮስ ማን ነበር?

ስለ ቀዳማዊ ስፓርቶኮስ ያለን መረጃ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የሲሲሊው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ በቦስፖሮስ አርኬአናክቲዳይ የሚባሉ ገዢዎች 42 ዓመት እንደገዙ፣ ከእነሱ በኋላ ስፓርቶኮስ ሥልጣኑን እንደያዘና 7 ዓመት እንደነገሠ ይጠቅሳል። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ይህን የጻፈውም ሰውየው ከሞተ ከ350 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ቦስፖሮስ ሲባል የኢስታንቡሉ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ጥቁር ባሕርንና የአዞቭ ባሕርን የሚያገናኘው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከሚሌጦስ የመጡ ግሪኮች በዳርቻው ፓንቲካፓዮን የተባለች ከተማ ቆርቁረው ነበር። ዛሬ ክራይሚያ ውስጥ ያለችው ከርች እዚያው ላይ ናት። ስፓርቶኮስ ሥልጣን የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ገደማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ከልደት በፊት ናቸው)።

የሚገርመው ስሙ ነው። ግሪክኛ አይደለም፤ ከዛሬዋ ቡልጋሪያ አካባቢ፣ ከትራኪያ የመጣ ነው። ሮምን ያንቀጠቀጠው ባሪያ ስፓርታከስም የዚያው አገር ሰው ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ስፓርቶኮስን በደሞዝ የሚዋጋ ወታደር አለቃ የነበረና አሠሪዎቹን ገልብጦ የነገሠ ሰው ያደርጉታል። ታሪኩ ያምራል፤ ግን ከስም ብቻ ተነስቶ መፈንቅለ መንግሥት መጻፍ ትንሽ ድፍረት ይመስለኛል።

ሰውየው እንዲታወስ ያደረገው የዘሮቹ ሥራ ነው። የልጅ ልጆቹ አገዛዝ ከ300 ዓመት በላይ ቆየ። ከእነሱ አንዱ፣ ቀዳማዊ ሌውኮን፣ ቴዎዶስያ የተባለችውን ወደብ ያዘ። ለግሪኮቹ ከተሞች «አርኮን» ማለትም ሹም፣ ለሲንዶይና ለሌሎቹ የአካባቢው ሕዝቦች ደግሞ ንጉሥ ተባለ። ብልጥ አካሄድ ነው፤ ግሪኮቹ ንጉሥ የሚል ስም ደስ አይላቸውም ነበር። ትልቁ ጉልበቱ ግን እህል ነበር። አቴናዊው ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ከሌውኮን ግዛት በዓመት 400,000 ሜዲምኖስ እህል ወደ አቴና ይገባ እንደነበር ተናግሯል። በእኛ ስሌት ወደ 160,000 ኩንታል ስንዴ መሆኑ ነው። ሌውኮን ወደ አቴና የሚጫነውን እህል ከቀረጥ ነጻ አደረገ፤ አቴናውያንም ለእሱና ለልጆቹ ዜግነት ሰጡ።

የመጨረሻው የዘሩ ንጉሥ ፓይሪሳዴስ በ108 አካባቢ ሳውማኮስ በመራው አመፅ ተገደለ። ግዛቱም የጶንጦስ ንጉሥ በነበረው በሚትሪዳቴስ እጅ ገባ።