ፊልምን በክፍል ውስጥ ማሳየት በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ተማሪዎች የተሰበሰቡበት ክፍልም በሕጉ አነጋገር ከሕዝብ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንቀጽ 110(1) ባይኖር ኖሮ መምህሩ ለእያንዳንዱ ፊልም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት።

በዚህ አንቀጽ መሠረት፣ ለትርፍ ባልተቋቋመ የትምህርት ተቋም ውስጥ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ተገናኝተው በሚማማሩበት ጊዜ፣ በመማሪያ ክፍል ወይም ለማስተማር በዋለ ተመሳሳይ ቦታ፣ ፊልሙን ያለ ክፍያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሳየት ይቻላል። ቤተ መጻሕፍትም ለትምህርቱ እስካገለገለ ድረስ እንደ ክፍል ይታያል። በዲቪዲ ሽፋን ላይ የሚነበበው «ለቤት አገልግሎት ብቻ» የሚል ማሳሰቢያ ብዙ መምህራንን ያለ በቂ ምክንያት ያስፈራል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ቅጂው በሕጋዊ መንገድ የተሠራ መሆኑን ነው። ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለው የሚያሳይ ሰው ግን በአንቀጹ አይጠበቅም።

ስህተት በብዛት የሚፈጠረው በዓላማው ላይ ይመስለኛል። ሕጉ ሲወጣ የቀረበው የተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት፣ ባህላዊ ዋጋው የቱንም ያህል ከፍ ቢል፣ ለመዝናኛ የሚታይ ፊልም በአንቀጹ እንደማይሸፈን በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ተማሪዎችን ለመሸለም ወይም በዕረፍት ዋዜማ ጊዜ ለማሳለፍ የሚታይ ፊልም ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንቀጹ የሚሠራው ለትምህርት ተቋማት ስለሆነ፣ ዋና ሥራቸው ማስተማር ያልሆነ ማኅበራት ላይሸፈኑ ይችላሉ፤ በአሜሪካ ቅዳሜና እሑድ ልጆችን አማርኛ የሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ማኅበራት ይህን ነጥብ በተለይ ሊያጤኑት ይገባል።

ፊልሙ ከኢንተርኔት አገልግሎት የሚታይ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ደንበኛው የተቀበለው ውል ለግል አገልግሎት ብቻ ሊል ስለሚችል፣ ሕጉ የፈቀደውን ውሉ ሊያጠብበው ይችላል። ኔትፍሊክስ አንዳንድ ዘጋቢ ፊልሞቹን ለትምህርት ማሳየትን በተለየ ሁኔታ ይፈቅዳል።

ለርቀት ትምህርት የሚያገለግለው በ2002 የተሻሻለው አንቀጽ 110(2) ጠበቅ ያለ ነው፤ ዕውቅና ያለው ተቋም፣ ለተመዘገቡ ተማሪዎች ብቻ፣ ከፊልሙ ምክንያታዊና የተወሰነ ክፍል እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ከዚህ የሚያልፍ መምህር የሚመዘነው በአንቀጽ 107 የፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጠቀም የሚቻልበት ሁኔታ) መለኪያዎች ነው፤ እነሱም የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የሥራው ባሕርይ፣ የተወሰደው መጠንና በሥራው ገበያ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ናቸው።