ኤልሲክ፦ በተከፈተ ፋይል ውስጥ ቦታ መቀየር

ኤልሲክ በዩኒክስ ስርዓተ ክወናና እንደ ሊነክስ ባሉ መሰሎቹ ላይ የሚገኝ ሲስተም ኮል፣ ማለትም ፕሮግራም ስርዓተ ክወናውን ሥራ የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። የተከፈተ ፋይል ቀጥሎ ከየት እንደሚነበብ ወይም የት ላይ እንደሚጻፍ ይወስናል።

ፋይል ሲከፈት ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አንድ ቁጥር ይይዛል፤ ጠቋሚ እንበለው። ከፋይሉ መጀመሪያ ስንት ባይት እንደራቅን ይናገራል። ሲነሳ 0 ነው። 100 ባይት ካነበብን 100 ይሆናል። ኤልሲክ ይህን ቁጥር ይቀይራል፣ በቃ። ብዙ ጀማሪ የዲስኩ ክንድ ወዲያው የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። ዲስኩ የሚነካው ግን በኋላ፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ሲመጣ ነው፤ ያውም ዳታው ሚሞሪ ውስጥ ከሌለ።

ለጥሪው የተከፈተው ፋይል መለያ ቁጥርና ርቀቱ በባይት ይሰጠዋል። ርቀቱ ከየት እንደሚቆጠርም ይነገረዋል፦ 0 ከመጀመሪያው፣ 1 አሁን ካለንበት፣ 2 ከመጨረሻው። ከመጨረሻው 0 ባይት ሂድ ከተባለ የፋይሉን መጠን ይመልሳል። ቆንጆ ዘዴ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ላይ ሲክ የሚባል ጥሪ አለ። ያኔ ዩኒክስ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ፒዲፒ-11፣ ባለ16 ቢት ማሽን ስለነበር በአንድ ጥሪ ሩቅ መሄድ አይቻልም። ፋይሎች ሲያድጉ ርቀቱን በ512 ባይት ብሎክ የሚቆጥሩ አማራጮች ተጨመሩ። አንዴ ለብሎኩ፣ አንዴ ለባይቱ መጥራት ነበር። በ1979 በወጣው 7ኛው እትም ርቀቱ ሎንግ የሚባለው የቁጥር ዓይነት፣ ማለትም 32 ቢት ሆነ። ስሙ ላይ ያለችው ኤል ከዚያ የመጣች ናት።

ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። መጀመሪያ ጠቋሚው የሚቀመጠው ፋይሉን በከፈተው ፕሮሰስ (እየሠራ ባለው ፕሮግራም) ውስጥ ነበር። ጣጣው የታየው ትእዛዞችን ፋይል ውስጥ ጽፎ ማስኬድ ሲሞከር ነው። ኤልኤስ (ፋይሎችን የሚዘረዝር) እና ሁ (ማን እንደገባ የሚናገር) የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ተከታትለው ተጽፈዋል እንበል፤ ውጤታቸው የሚገባው አንድ ፋይል ውስጥ ነው። ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም፣ ሼሉ፣ ለኤልኤስ ልጅ ፕሮሰስ ይወልዳል። ልጁ ጽፎ ይሞታል። የወላጁ ጠቋሚ ግን ከ0 ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሁ ከ0 ጀምሮ ይጽፍና የኤልኤስን ውጤት ይደመስሰዋል። መፍትሔው ጠቋሚዎቹን ከፕሮሰሱ አውጥቶ ለብቻቸው ሠንጠረዥ መሥራት ሆነ። ወላጅና ልጅ ዛሬም አንድ ጠቋሚ ይጋራሉ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልተነካ ብልህ ውሳኔ ነው።

መጋራቱ ዋጋም አለው። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) በአንድ ፋይል ላይ ቢሠሩ፣ አንዱ ቦታ ቀይሮ ሳያነብ ሌላው ይቀድመውና ቦታውን ይቀይርበታል። ለዚህ ቦታውንና ንባቡን በአንድ ጥሪ የሚያጣምረው፣ ፒሪድ የሚባል ሲስተም ኮል አለ።

ባለ32 ቢቱ ርቀት ከ2,147,483,647 ባይት አያልፍም ነበር፤ ዛሬ 64 ቢት ነው።

ከፋይሉ መጨረሻ አልፎ ሄዶ መጻፍም ይቻላል። መሃል ላይ የቀረው ክፍተት ሲነበብ ዜሮ ብቻ ይሆናል፤ በብዙ ፋይል ሲስተሞች ላይ የዲስክ ቦታም አይወስድም። ይህ ግራ ያጋባል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል፤ ለቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር ለተሠራ ኮምፒውተር) ዲስኮች ግን ትልቅ ጥቅም አለው። ፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብል መስመር) ላይ ኤልሲክ አይሠራም፤ ያለፈ ዳታ አልፏል።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ኤልሲክ የሚያውቀው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደላትን በባይት በሚመዘግበው ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ሰላም» 9 ባይት ነው። ባይት 3 ላይ ሄዶ ማንበብ የጀመረ «ላም» ያገኛል። ባይት 1 ላይ የጀመረ ግን «ሰ»ን ለሁለት ሰንጥቋታል፤ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም ጽሑፉን መፍታት አልቻልኩም ብሎ ስህተት ያወጣል። ያረፉበት ባይት ከ128 እስከ 191 ከሆነ ፊደል መሃል ላይ ነዎት። አንድ ወይም ሁለት ባይት ወደኋላ ሲመለሱ መነሻውን ያገኙታል።