ውስጣዊ ሞገድ ምንድን ነው?

ሞገድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ነፋስ የሚያስነሳው፣ ባሕሩ ፊት ላይ የምናየው ነው። የውቅያኖስ ትልልቆቹ ሞገዶች ግን ላይ አይደሉም፣ ከሥር ናቸው፤ ውስጣዊ ሞገድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በታይዋንና በፊሊፒንስ መካከል ካለው የሉዞን ሰርጥ ከሚነሱት አንዳንዶቹ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። እነዚህ ሞገዶች ከሥሩ ሲያልፉ ላይ በመርከብ ያለ ሰው ምንም ላይታወቀው ይችላል። የባሕሩ ፊት ከፍ ዝቅ የሚለው በሜትር ሳይሆን በሴንቲሜትር በሚለካ መጠን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ውቅያኖስ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውሃ ካለመሆኑ ነው። ላይኛውን ንጣፍ ፀሐይ ስለምታሞቀው ቀለል ይላል። የታችኛው ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ጨው ይበዛበታል፤ ስለዚህ ይከብዳል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ባሕሩ ውስጥ እንዳለ ሌላ የውሃ ፊት ይሆናል። የሆነ ነገር ከነቀነቀው እሱም ሞገድ ያነሳል።

ይህን ያህል የሚገዝፈው ለምንድን ነው? አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ወደ 1,025 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ወደ አየር ላንሳው ብትሉ ሙሉ ክብደቱን መሸከም አለባችሁ። ከታችኛው ንጣፍ ወደ ላይኛው ስታነሱት ግን ዙሪያውን ያለው ውሃ ራሱ ስለሚደግፈው፣ የሚቀራችሁ ሸክም ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ በትንሽ ጉልበት ብዙ ውሃ ከፍ ይላል። ወደ ቦታው የሚመልሰውም ኃይል ያው ደካማ ነው። ለዚህ ነው ሞገዱ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ዝግ ያለው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ነው።

መርከበኞች ነገሩን ያወቁት በመከራ ነው። በ1893 (እ.ኤ.አ.) የኖርዌዩ አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን ፍራም በተባለችው መርከቡ ከሳይቤሪያ በስተሰሜን እየተጓዘ ነበር። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ሞተሩም በደንብ ይሠራል። መርከቧ ግን የሆነ ነገር ከኋላ የያዛት ይመስል አልሄድ አለች። ግራ ቀኝ አዞሯት፣ ያልሞከሩት ዘዴ የለም፤ ብዙም አልረዳቸውም። መርከበኞች ይህን «የሞተ ውሃ» ይሉታል። ምክንያቱን በቤተ ሙከራ ያሳየው ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ነው፤ ጥናቱ በ1904 ታተመ። ከበረዶ የቀለጠ ጨው አልባ ውሃ በከባዱ የባሕር ውሃ ላይ በስሱ ተንጣሎ ነበር። የመርከቧ ሞተር ጉልበት እሷን ወደፊት በመግፋት ፈንታ ከሥሯ ሞገድ በማስነሳት ያልቅ ነበር።

በውቅያኖስ ደረጃ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው። ስበታቸው የሚያመጣው የባሕር ሙላትና ጉድለት ውሃውን ወዲያና ወዲህ ይነዳዋል። ውሃው ወለሉ ላይ ካሉ የተራራ ሰንሰለቶች ጋር ሲጋፈጥ ከባዱ ንጣፍ ወደ ላይ ይገፋል፣ መልሶ ይወርዳል፣ ሞገዱም ጉዞ ይጀምራል። ብዙ ቦታ ይህ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይደጋገማል። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የአንዳማን ባሕር፣ የሱሉ ባሕርና የጂብራልታር ሰርጥ በዚህ ይታወቃሉ። ከላይ የምናገኘው ምልክት ለስላሳና ሻካራ የውሃ መስመር ተፈራርቆ መታየቱ ነው፤ ሳተላይቶች አጥርተው ያነሱታል።

ለሰርጓጅ መርከብ ደግሞ አደጋ ነው፤ ሳይታሰብ ወደ ጥልቁ ይዞት ሊወርድ ይችላል። በሚያዝያ 2021 ናንጋላ የተባለችው የኢንዶኔዥያ ሰርጓጅ መርከብ ከባሊ በስተሰሜን ሰጥማ 53 ሰዎች አልቀዋል። የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ምክንያቱ ውስጣዊ ሞገድ ሊሆን እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘለትም።

ለእኔ ግን ከከፍታው በላይ የሚደንቀኝ አሰባበሩ ነው። ዳርቻ ላይ እንደምናየው ሞገድ ሁሉ ውስጣዊውም ይሰበራል፣ ያውም ጥልቁ ውስጥ። ሲሰበር ቀዝቃዛውንና ሞቃቱን ውሃ ያደባልቃል። ፕላንክተን ለሚባሉት በውሃ ለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን ምግብ የሚሆኑትን ንጥረ ነገሮች ብርሃን ወዳለበት ያወጣል። አንዳንድ የኮራል ሪፎችን፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቧቸውን ዓለት መሰል ክምሮች፣ በሙቀት ወቅት ያቀዘቅዛል። በዋልታዎች አካባቢ የሰመጠው ቀዝቃዛ ውሃ ተመልሶ እንዲወጣ ከሚረዱት ነገሮችም አንዱ ይኸው መደባለቅ ነው።

የአየር ንብረትን በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ሞዴሎችን የሚሠሩ ሰዎችን የሚያስቸግረውም ይህ ነው። ሞዴሎቹ ውቅያኖሱን አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ ሜትሮች በሚሰፉ ሳጥኖች ይከፋፍሉታል። ሞገዱ ተሰብሮ ውሃውን የሚያደባልቀው ግን ከሜትሮች እስከ ሴንቲሜትር በሚወርድ ስፋት ነው፤ ሳጥኑ አያየውም። ስለዚህ ውጤቱን በቀመር ገምተው ያስገቡታል። ግምቱን ለማጥራት ተመራማሪዎች መሣሪያዎቻቸውን በገመድ አስረው ጥልቁ ውስጥ ለወራት ይተክላሉ።