ሶኬት ምንድን ነው? «ገባ» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኮምፒውተሩን ኬዝ ታቅፎ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ ጥገና ቤቴ መጣ። ከአዲስ አበባ ኮር አይ 5 8400 የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) አስልኮ ራሱ ገጥሞታል። ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ጭር ብሏል። ሻጩን ጠይቆት ነበር። «ቦርድህ 1151 ነው፣ ይሄም 1151 ነው፣ ይገባል» አለው። አልዋሸም። ገብቷል!

የልጁ ቦርድ (ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ኤች 110 የሚባለው ነው። ጣጣው እሱ ጋ ነው።

ሶኬት ማለት ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። 1151 ደግሞ የፒኖቹ፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኙት የጥቃቅን ብረቶች ብዛት። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል በፈረንጆቹ 2015 6ኛውን ጀነሬሽን (ትውልድ) በዚህ ሶኬት አወጣ፤ 7ኛውም ተከተለ። በ2017 8ኛው ሲመጣ የፒኑ ብዛት አልተነካም፤ የአንዳንዶቹ ፒኖች ሥራ ግን ተቀየረ። ስለዚህ 8ኛውና 9ኛው ባለ 300 ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኝ የቦርዱ ቺፕ) ቦርድ ይፈልጋሉ፤ ኤች 310፣ ቢ 360፣ ዜድ 370 የሚባሉትን። 8400 የ8ኛው ነው፤ የልጁ ኤች 110 ግን ለ6ኛውና ለ7ኛው ነው።

ያሳሳተን የግድግዳው ሶኬት ይመስለኛል። እዚያ ከገባ በቃ፣ መብራት ካለ ይሠራል።

የማዘርቦርድ ሶኬት ግን በርጩማ ነው። የጅማ ሰው በርጩማ ያውቃል፣ ያቺ ከአንድ ግንድ የምትፈለፈለው ባለ ሦስት እግር። ሠርግ ቤት ገብተህ በርጩማ ስላገኘህ ብቻ ትበላለህ? ባዮሱ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ በር ላይ የተጠሪዎችን ዝርዝር ይዞ የቆመው ሰው ነው። 8400 ዝርዝሩ ላይ ከሌለ «ማን ልበል?» ይላል። አስተናጋጇም ወጡን በግራ ታወርዳለች፣ እንግዳው ሳህኑን የዘረጋው በቀኝ ነው። ፒኖቹን ማለቴ ነው።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። እንግዳ ቢያፍር ተነስቶ ይሄዳል። ፕሮሰሰር ስታነሳ ግን እጅህ ከሳተ ቦርዱን ገደልከው። በእነዚህ የኢንቴል ቦርዶች ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ያገለገለ ቦርድ ስትገዙ የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩበት። አንዷ ከሰልፉ ወጥታ ካብለጨለጨች አትግዙ።

አንድ ሰውዬ በቪዲዮ «ሶኬቱን ብቻ እዩ፣ ቺፕሴት የሻጭ ወሬ ነው» ሲል ሰማሁት። ፒን በቴፕ ሸፍኖ፣ ባዮስ ቀይሮ 8ኛውን አሮጌ ቦርድ ላይ አስነስቷል። ጎበዝ! እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፣ አልክድም። ግን ወንድሜ፣ ቴፕና የተነካካ ባዮስ ካስፈለገ «ሶኬቱን ብቻ እዩ» ማለትህ ምኑ ላይ ነው?

ሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ኤኤምዲ ዘንድ ነገሩ ለዘብ ይላል። ኤኤም 4 የሚባለው ሶኬቱ ብዙ ጀነሬሽን አስተናግዷል። ግን እዚያም አሮጌው ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር የሚያውቀው ባዮሱ ሲታደስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለማደሻ የቀድሞው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አትሽጡት። ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ክረምት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ባዮስ አታድሱ። እኔ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አልነካውም። መሀል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ራም ላይም ያው ነው። የኢንቴል ባለ 1700 ሶኬት ካላቸው ቦርዶች አንዱ ዲዲአር 4 የሚባለውን የራም ዓይነት፣ ሌላው ዲዲአር 5 ይወስዳል። ሶኬቱ ይህን አይነግራችሁም። የቦርዱን ሙሉ ስም አንብቡና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እዩ።

ልጁን ሁለት ምርጫ ሰጠሁት፦ ፕሮሰሰሩን ሸጦ ኮር አይ 5 6500 ወይም 7500 መግዛት፣ ወይም ቦርዱን ወደ ቢ 360 መቀየር። ራሙ ዲዲአር 4 ስለሆነ ይዛወርለታል። አሰበ፣ አሰበና «ግን እኮ ገብቷል» አለኝ።

ኬዙን እኔ ጋ ትቶ ቦርድ ፍለጋ ወጣ።