ተዋሕዶ ምንድን ነው?

መስቀል ላይ የሞተው ማን ነው? «ሰው ነው» ካልን፣ የአንድ ሰው ሞት ዓለምን እንዴት ያድናል? ከእርሱ በፊትም በኋላም ብዙ ጻድቃን ሞተዋል። «አምላክ ነው» ካልን ደግሞ፣ አምላክ እንዴት ይሞታል? ተዋሕዶ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ከ«ኦርቶዶክስ» ቀጥሎ የሚመጣ የቤተ ክርስቲያን ስም ሆኖ ብቻ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ወልድ ከድንግል ማርያም ሥጋንና ነፍስን ነሣ። በማኅፀኗ መለኮትና ትስብእት (ሰውነቱ) ተዋሐዱ፤ አንድ አካል (ማንነት)፣ አንድ ባሕርይ (ምንነት) ሆኑ። ስለዚህ የሞተው ራሱ አምላክ ወልድ ነው። የሞተው ግን በሥጋው ነው እንጂ መለኮት አይሞትም። ሥጋው ደግሞ የሌላ የማንም አይደለም፣ የራሱ የቃል፣ ማለትም የወልድ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሎች ሲሰናበት፣ እግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያንን «በገዛ ደሙ» እንደ ዋጃት ነግሯቸዋል። አምላክ በባሕርዩ ደም የለውም። ሥጋን ከተዋሐደ በኋላ ግን ያ ደም የራሱ ደም ነው።

«አንድ ባሕርይ» ሲባል ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ትስብእቱ መለኮት ውስጥ ሟሟ፣ ጠፋ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ሊቃውንቱ ለዚህ የጋለ ብረትን ይጠቅሳሉ። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ ይግላል፣ ያበራል፣ ያቃጥላል። ብረትነቱን ግን አልተወም፤ እሳቱም እሳትነቱን አላጣም። መዶሻ ሲያርፍበት የሚጎብጠው ብረቱ ነው፣ እሳቱን ማንም አይመታውም። የተመታው ግን ያው አንዱ የጋለ ብረት ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ይህንኑ በቃላት አሳጥሮ ያስቀምጠዋል፦ ያለ ውላጤ፣ ያለ ሚጠት፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ቡዐዴ። ሳይለወጥ፣ ወደ ነበረበት ሳይመለስ፣ ሳይቀላቀል፣ ሳይለያይ።

ሁለት ስህተቶች ተዋሕዶን ከግራና ከቀኝ ይገፉታል። አንደኛው የንስጥሮስ ነው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ ማርያም «ወላዲተ አምላክ» ልትባል አይገባም፣ «ወላዲተ ክርስቶስ» ትባል አለ። ነገሩ ስለ እርሷ ክብር ብቻ ይመስላል። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቄርሎስ ግን ሥሩን አየው። የወለደችው አምላክ ካልሆነ የተሰቀለውም አምላክ አይደለም፤ ቃልና ሰው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሆኑ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ431 ኤፌሶን ላይ ንስጥሮስ ተወገዘ። ሁለተኛው ስህተት የቁስጥንጥንያው መነኩሴ የአውጣኪ ነው። እርሱ በተቃራኒው የክርስቶስ ሥጋ ከእኛ ሥጋ ጋር አንድ መሆኑን ለመቀበል ከበደው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አውጣኪንም ታወግዛለች። «ሞኖፊዚት» (አንድ ባሕርይ ብቻ የሚል) እያሉ ከእርሱ ጋር የሚደምሩን የውጭ መጻሕፍት ይህን አጣርተው አይጽፉም። ዛሬ ብዙ ምሁራን «ሚያፊዚት» (የተዋሐደ አንድ ባሕርይ የሚል) ማለቱን መርጠዋል፤ ቄርሎስ «አንዱ የእግዚአብሔር ቃል ባሕርይ፣ ሥጋ የሆነው» ካለው አነጋገር የተወሰደ ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ መጣ። ጉባኤው ክርስቶስ አንድ አካል ነው፣ የሚታወቀው ግን «በሁለት ባሕርይ» ነው ብሎ ወሰነ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ልዮን በደብዳቤው ቃል የቃልን ሥራ ይሠራል፣ ሥጋ የሥጋን ይሠራል የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለዲዮስቆሮስ ወገኖች ይህ ንስጥሮስ በጓሮ በር ተመልሶ እንደ መግባት ነበር። የአልዓዛርን ነገር ውሰዱ። በመቃብሩ ያለቀሰው ሰው፣ ከመቃብር የጠራው አምላክ ብለን ሥራውን ካከፋፈልን አንዱ ክርስቶስ የት ቀረ? ያለቀሰውም ያስነሣውም አንዱ እርሱ ነው። ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጋንግራ ተጋዘ፣ እዚያው ሞተ። በትውፊታችን በዚያ ክርክር ጥርሱ ወልቋል፣ ጽሕሙ ተነጭቷል። ዛሬም በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አለን። በግልጽ ለመናገር ኬልቄዶናውያኑም (ጉባኤውን የተቀበሉት) ንስጥሮስን ያወግዙ ነበር፣ «ሁለት ክርስቶስ» አላሉም። «ባሕርይ» ሲሉ ሁለቱ ወገኖች ያሰቡት አንድ ነገር አልነበረም። የነገሥታቱ ፖለቲካና የመንበር ፉክክሩ ደግሞ አባባሰው።

ይህ ሁሉ ከመዳን ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተብሎ ቃል ኪዳን እንደ ተገባለት ተምረናል፤ አንዱ ቀን ሺህ ዓመት ሆኖ 5500 ዓመት ማለት ነው። ተስፋው መልአክ ይልክለታል ወይም ነቢይ ያስነሣለታል አይልም። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ክርስቶስ ሰብአዊ አእምሮ አልነበረውም ያለውን አቡሊናርዮስን ሲቃወም፣ ያልነሣውን አልፈወሰም ብሎ ነበር። የሰው አእምሮ፣ የሰው ነፍስ፣ የሰው ሥጋ፣ አንዱ እንኳ ቢጎድል ያ የጎደለው ሳይድን ቀረ። ነሺው አምላክ ካልሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ የለም። በእኛ ቤት መዳን የቅጣት መሰረዝ ብቻ አይደለም፣ ከሞት ወደ ሕይወት መሻገር ነው። ለዚህም ነው ካህኑ ከቁርባን በፊት መለኮቱ ከትስብእቱ ለአንዲት ሰዓት፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልተለየም ብሎ የሚመሰክረው። የምንቀበለው ሥጋ መለኮት የተዋሐደው ባይሆን ቅዳሴው ምን ይጠቅመን ነበር?

ሰፈር ውስጥ የሚጦፈው «ኢየሱስ አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ?» የሚለው ክርክርም የዚሁ ልጅ ነው። ወንጌላውያን ወገኖቻችን ዕብራውያን 7፥25ን ይጠቅሳሉ፤ «ሊያማልድ ዘወትር በሕይወት ይኖራልና» ይላል። ኦርቶዶክሱ በሥጋው ወራት ማለደ፣ በመስቀል አስታረቀ፣ አሁን ግን ከአብ ጋር ተካክሎ ይለመናል፣ ይፈርዳል ብሎ ይመልሳል። በእኔ ግምት ብዙዎቹ ተከራካሪዎች ጥቅስ ከመወራወራቸው በፊት የባሕርይውን ጥያቄ ቢያነሡ ግማሹ ጩኸት ይቀር ነበር። ግማሹ ግን እውነተኛ ልዩነት ነው።

በአገራችን ውስጥም ነገሩ በሰላም አላለፈም። በጎንደር ዘመን በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ላይ ኢየሱስን እግዚአብሔር በመንፈስ ቅዱስ «ቀባው» የሚለው ቃል ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሣ። ቅባቶች የተባሉት ወገኖች የክርስቶስ ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። ጸጎች የተባሉት ደግሞ ከሁለቱ ልደታት በላይ ሦስተኛ፣ በጸጋ የሆነ ልደት ቆጠሩ። ካራ የሚባሉት ተዋሕዶዎች ሥጋ የከበረው በተዋሕዶው ነው፣ ልደታቱም ሁለት ብቻ ናቸው አሉ፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ያለ አባት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ ለካራ ተፈረደ። በዚያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ይህንን ሳይናገሩ ቦሩ ሜዳን ማወደስ ታሪኩን መቁረጥ ነው።

ከዓለም አቀፉ ክርክር ውስጥ የቀዘቀዘም አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የግብጽ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠርተዋቸው አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የግብጹ አቡነ ሺኖዳ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው መሆኑን በጋራ ፈርመው መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 ደግሞ የኬልቄዶናውያንና የእኛ ወገን ኦርቶዶክሶች ተወካዮች፣ በቃላት ብንለያይም እምነታችን አንድ ነው የሚል ሰነድ አወጡ። አብሮ መቁረብ ግን እስካሁን አልተፈቀደም። የጉባኤዎቹ ውግዘት እንዴት ይነሣ፣ አንዱ ቅዱስ ያለውን ሌላው መናፍቅ ያለበት መዝገብስ ምን ይሁን የሚለው ገና አልተቋጨም።